ሐሙስ የሚነበበው መስመር

መሥሪያ ቤቱ ሴትዮዋን «እትዬ ግመል» ይላታል። ስሙን ያወጡላት፣ አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ፊት ከተቀመጠች ውሃ ሳትቀምስ፣ ወገቧን ሳታፍታታ ቀኑን ሙሉ ስለምትውል ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ቀለም ቀቢዎች መጥተው «እባክዎ ይነሱልን» ቢሏት «ይቺን መስመር ልጨርስ» ብላ፣ እነሱም ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ዙሪያዋን ቀብተው ሄዱ፤ ግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ የእሷን ጭንቅላትና ትከሻ የሚያህል አሮጌ ቀለም አለ ብሎ የሚምል ሰው አይጠፋም።

ባሏ ግን በምክንያቱ አይስማማም። «የውሃው ነገር ትርፍ ነው፤ ግመል የሚያሰኛት ቂሟ ነው» ይላል። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዓመሏን በሴንቲሜትር ያውቀዋል። በተጋቡ በሳምንቱ «ወገብሽ ሰፋ መሰለኝ» ያላትን ነገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬም ድረስ፣ ሜትሩን ባነሳ ቁጥር ታነሳበታለች።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ እንሞክር። መሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉት። እያንዳንዱን በፕሮግራም ይከፋፍልና አርባ ኮምፒውተር አስመስሎ ለአርባ ደንበኛ ያከራያል። ደንበኛው ሙሉ ቤት የተከራየ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን በመጋረጃ የተከፈለ ጥግ ነው። መጋረጃውን የምትሰፋው እትዬ ግመል ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉም የሚጋሯቸው ነገሮች አሉ፤ ሁለት ሥራዎች አንዱን ነገር በአንድ ጊዜ ነካክተው እንዳያበላሹት እያንዳንዱ የጋራ ነገር ቁልፍ አለው። ቁልፉን የያዘ ይሠራል፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በቃ ይኸው ነው። ሙያው ሁሉ ማን የትኛውን ቁልፍ መቼ ይያዝ የሚል የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትልቁ ማሽን ቀጥ አለ። አልተቃጠለም፣ አልጠፋም፤ መብራቱ በርቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ግን የሚሠራው አንድም ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ሲሆን የሥራ ልምድ ይባላል። በማሽን ላይ ሲሆን ግን አርባ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ስልክ ይደውላል።

ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ከእትዬ ግመል ጎን የሚቀመጥ ተማሪ ነበራት። ሙያውን ከፊደሉ ጀምራ ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰደችው፣ ባሏ የመጀመሪያውን ኮት እንዲሰፋለት ያደረገችው እሷ ናት። ያን ኮት ለብሶ ተነሳና «የቁልፎቹ ሥራ የእትዬ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ዕድሜም የራሱ ነገር አለው» አለ። እትዬ ግመል ያን ዕለት አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስብሰባው ላይ ያሉት ሁሉ እንደ መቶ ሦስት ዓይተዋት በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጁ በዚያ አላበቃም። «ፈውስ» ያለውን ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ፈውስ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ ማሽኑ ሁለት ደቂቃ ዝም ካለ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። በሽተኛው ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የለም፤ በጥፊ መትቶ «ተነስ፣ ድነሃል» ነው። ደንበኞች የጀመሩት ሥራ ድራሹ ይጠፋል፤ ማሽኑ ግን ይነሳል። በዚህ ሥራው ተሸለመ፣ የክፍሉ አለቃ ሆነ፣ «ሐኪሙ» የሚል ስም ወጣለት። እሷ ከመስኮቱ ዳር ተነስታ የአሮጌ ኪቦርዶች መጋዘን ውስጥ ገባች። ሐኪሙም «እትዬ፣ እርስዎ» ሲላት የኖረውን ትቶ በሳምንቱ «አንቺ፣ ሪፖርቱስ?» አላት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እትዬ ግመል ቂሟን እንደ ልጅ አሳደገችው። በመጀመሪያው ዓመት ዳዴ አለ፤ በሁለተኛው ጥርስ አወጣ፤ በሦስተኛው አፉን ፈትቶ ከባሏ ጋር ማውራት ጀመረ። ባሏ እራት ላይ «ዛሬ ቂምሽ እንዴት ዋለ?» ይላታል። «ደኅና ነው፤ እያደገ ነው» ትለዋለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሐኪሙ ሲሾም አንድ ሥርዓት አምጥቷል፦ ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ይሰበሰባል፤ በሳምንቱ የተጠገነው ሁሉ ማስታወሻው በአለቃው አንደበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። በእያንዳንዱ ማስታወሻ ግርጌ «ጥፋቱ የገባው» የሚል መስመር አለ፤ ስሕተቱ በየትኛው ለውጥ እንደገባ፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን አይቶ እንዳጸደቀው ይገልጻል። «ለመማማር ነው» አለ ሐኪሙ። ለመማማርማ ቢሆን በሹክሹክታም ይቻል ነበር። እሱ ግን መስመሩ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ባለስሙን ፈልጎ ያያል። በዚያ መስመር የተነሳ ዕረፍት ጠይቆ የቀረ ሰው አለ።

እትዬ ግመል ሹመቱን አትፈልግም። መስኮቱንም አትፈልግም፤ እሺ፣ መስኮቱን ትፈልጋለች። ከመስኮቱ በፊት ግን አንድ ሐሙስ፣ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠርጎ የራሱን ስም በራሱ አፍ ሲያነብ መስማት ነው ጸሎቷ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን ቂሙንም ጸሎቱንም ሦስት ዓመት አስኬደችው።

ችግሩ ማስረጃው ነው። ማሽኑ ቀጥ በሚልበት ሰዓት ማን የማንን ቁልፍ ይዞ እንደቆመ ማየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፈውስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ሁሉን ይደመስሰዋል። ገዳዩ ሬሳውን የሚያጥብበት ቤት ማለት ነው።

ማሽኑ በወር አንድ ጊዜ ይቆም የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ ሆነ። በዚህ ጊዜ ዋናዋ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም በአጭሩ «ዋናዋ» የሚሏት፣ ሁለቱን ጠራቻቸው። ዋናዋ ፈገግ ስትል ያየ ሰው የለም፤ ያየ ቢኖርም አሁን እዚያ አይሠራም።

«የሚመጣው ሐሙስ ምክንያቱን እፈልጋለሁ» አለች። «ማን ያገኘዋል?»

«ፈውስ እየሠራ እስከሆነ ድረስ...» ጀመረ ሐኪሙ።

«ትናንት ሦስት ጊዜ ሠርቷል። በሽተኛው ግን አሁንም ታሟል።»

«እኔ አገኘዋለሁ» አለች እትዬ ግመል። «አንድ አሮጌ ማሽን ይሰጠኝ፤ ፈውሱ ይነሳለት።»

«ፈውሱ ከተነሳ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል» አለ ሐኪሙ።

«እንዲቆም ነው የምፈልገው። እየሮጠ ያለን ሌባ ስሙን አትጠይቀውም።»

ዋናዋ ፈቀደች።

ማሽኑ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ሲነሳ ድምፁ አውሮፕላን ነው፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ጆሯቸውን ይዘው ወደ ሌላ ፎቅ ተሰደዱ ይባላል። አርባ «እንግዳ ማሽን»፣ ማለትም ለደንበኛ የሚከራየውን ዓይነት በመጋረጃ የተከፈለ ጥግ፣ ከፈተችበት፤ እንግዶቹ ያለ ዕረፍት እንዲከፈቱ፣ እንዲዘጉ፣ ሜሞሪ እንዲወስዱና እንዲመልሱ አዘዘቻቸው። አንድ ቀን ሙሉ ምንም የለም። የቁልፍ አያያዝን የሚከታተል መመርመሪያ ስትጨምርበት ጭራሽ እንደ ጨዋ ልጅ ሠራ። ይህ የሙያው ክፉ ዕጣ ነው፤ ስታየው የማያጠፋ፣ ፊትህን ስታዞር የሚያጠፋ ነገር ነው የምታሳድደው። መመርመሪያው ማሽኑን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ትንሽ ሲዘገዩ ደግሞ ሁለቱ ተጣዪዎች በር ላይ አይገናኙም። አነሳችውና ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን እራት ላይ ባሏ «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የሚቆመው?» አላት።

«በሱቅህ አንድ መቀስና አንድ ሜትር ብቻ አለ በል። አንተ መቀሱን ይዘህ ሜትሩን ትጠብቃለህ። ሌላው ሰፊ ሜትሩን ይዞ መቀሱን ይጠብቃል።»

«እኔ አስቀምጥለታለሁ።»

«አታስቀምጥም። ኮምፒውተር ነህ፤ የያዝከውን ሥራህን ሳትጨርስ አትለቅም። እሱም አይለቅም።»

«ታዲያ ደንበኛው?»

«ራቁቱን ይቀራል።»

ባሏ አሰበ። «እንግዲያው ሁሉም ሰው መጀመሪያ መቀስ፣ ከዚያ ሜትር ይያዝ ብሎ መስማማት ነዋ። መቀሱን ያላገኘ ሜትሩን አይነካም።»

«ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ዛሬ ገና ሙያዬን አወቅክልኝ» አለችው። «ሕጉ እሱ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የእንግዶቹ ዝርዝር የሰፈረበት የመዝገቡ ቁልፍ ነው፣ ቀጥሎ የሜሞሪው። ሕጉን የጣሰውን ነው የምፈልገው።»

ሶፋው ላይ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ እንደ በትረ መንግሥት ጨብጠው የተቀመጡት አማቷ ዞር አሉ። «ያ ኮት የተሰፋለት ልጅ ነው» አሉ። እማማ ስለ ኮምፒውተር አያውቁም፤ ስለ ቂም ግን ሊቅ ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ሃያ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም፤ በመሐል ጎረቤቲቱ ቤት ቀይራ ሄዳለች፣ እማማ ግን አዲሷንም ተከራይ «ቤቱን ታውቀዋለች» ብለው አያነጋግሯትም።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ማሽኑ ቀጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዮ ባለ ነበር። እትዬ ግመል ከወንበሯ ተነስታ ማሽኑን ዳሰሰችው፣ እንደ ጥሩ ላም ጀርባ መታ መታ አደረገችውና ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ሁለት ሥራዎች ተፋጠዋል። አንደኛው አንድን እንግዳ ማሽን እየዘጋ ነው፤ በሕጉ መሠረት የመዝገቡን ቁልፍ ይዟል፣ የሜሞሪውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሜሞሪ እየመለሰ ነው፤ የሜሞሪውን ቁልፍ ይዟል፣ የመዝገቡን ይጠብቃል። ሜትር ቀድሞ፣ መቀስ ኋላ።

ሕጉን የጣሰው አራት መስመር ነበር። ማን ጻፈው? የለውጦቹን ታሪክ ከፈተች። የተጻፈው ትልቁ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቆሙ አራት ቀን በፊት ነው። የጻፈው፦ ሐኪሙ።

ሦስት ዓመት ያሳደገችው ቂም ተነስቶ እስክስታ ሊመታ ምንም አልቀረው። ከዚያ ዓይኗ አንድ መስመር ወረደ። አይቶ ያጸደቀው፦ እሷ።

ደግማ አነበበችው። ስሟ ነው፤ የአባቷም ስም አለበት፣ ሞክሼ ነው አይባልም። ቀስ እያለ ትዝ አላት። ዓርብ ነበር፣ ባሏ ደጅ ቆሞ እየጠበቃት። ልጁ መጥቶ «እትዬ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ አራት መስመር» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ለአራት መስመር አራት ሰዓት ታስቆመው ነበር። ልጇ ነዋ፤ ቦርሳዋን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው «አይቼዋለሁ» የምትለዋን ተጫነችና ወጣች። አላየችውም።

ሐኪሙም ታሪኩን ማንበብ ያውቃል፤ ያስተማረችው እሷ ናት። ማሽኑ መቆሙን እንደሰማ ከፍቶ አይቶት ኖሮ፣ ረቡዕ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ሁለት የታሸጉ ውሃዎች ይዟል።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ስንት ጊዜዬ ይህን ከሰማሁ። ደኅና ነኝ። ግባ፤ ኪቦርዶቹን እንዳትረግጣቸው፣ ከአንተ በፊት የመጡ ናቸው።»

ገባ፤ የሚቀመጥበት አጥቶ የኪቦርድ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «አገኙት አሉ።»

«አገኘሁት።»

«እንግዲህ... ሁለታችንም አለንበት። እኔ ጻፍኩ፣ እርስዎ አጸደቁ። ነገ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥገናው ይግባ። ግርጌው ላይ ግን ‹ምንጩ አልታወቀም› ይባል። ከሦስት ዓመት በፊት ያለ ነገር ማን ይቆፍራል? ሰኞ ወደ መስኮቱ ይመለሳሉ። ዋና ባለሙያ ብዬ አጽፍልዎታለሁ። ስምዎም አይነካ፣ ስሜም አይነካ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ‹ዕድሜ› ያልኩት እውነት ሊመስል ነው፤ ሳያነቡ ፈረሙ ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የገነቡት ስም ነው፣ እትዬ። ለእርስዎ ነው የማስበው።»

«ለእኔ ስታስብ ሁልጊዜ ክፍል እቀይራለሁ» አለችው። «ሂድ፣ ላስብበት።»

ውሃዎቹን ትቶ ሄደ። እሷም ቀኑን ሙሉ ነካ አላደረገቻቸውም።

እውነቱን ለመናገር አስባበታለች። መስኮቱ መጥቶ ፊቷ ተደቀነ፤ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ዛፍም ጭምር። በዚያ ቤት ከእሷ በቀር አንብቦ የሚፈርም የለም ብላ ስንቱን ተቆጥታለች፤ ነገ ያ ሁሉ የተቆጣችው ሰው ጆሮውን አቁሞ ይቀመጣል። ማታ ለእማማ ነገረቻቸው።

«ልጁን ልጣለው ካልኩ እኔም አብሬ እወድቃለሁ፣ እማማ።»

እማማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። «ከላይ ነው ከታች የምትወድቂው?»

«ምን ማለት ነው?»

«አብራችሁ ስትወድቁ እሱ ላይ ትወድቂያለሽ ወይስ እሱ አንቺ ላይ?»

«እኔ ከወደቅሁ ቆይቻለሁ። መጋዘን ነው ያለሁት፤ ከዚያ በታች ምድር ቤት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ነው የሚወድቀው። አንቺ ተቀምጠሽ ትቀበይዋለሽ።» ድምፁንም መልሰው ጨመሩ።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ዋናዋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ወደ እትዬ ግመል አየ፤ እሷም በትሕትና ራሷን ዝቅ አደረገችለት። እሺ ያለችው መሰለውና ደረቱን ነፍቶ ማንበብ ጀመረ። ማስታወሻዋን ሲያነብ ድምፁ የዜና አንባቢ ነበር፦ «ሁለት ሥራዎች ሁለት ቁልፎችን በተቃራኒ ተራ ስለሚይዙ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑ ይቆማል። አሁን ሁለቱም አስቀድመው የመዝገቡን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሜሞሪውን እንዲይዙ ተደርጓል። በአርባ እንግዳ ማሽን ሃያ ሰዓት ተፈትኗል፤ አልቆመም።»

ከዚያ ግርጌው ላይ ደረሰ። ከልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ዝም አለ።

አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ወንበሩን አንቀጫቀጨ። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነው፣ ፈውስ መጥቶ አጥፍቶ ያስነሳው ይሆን ብሎ ከኋላ አንዱ አንሾካሾከ።

«አልጨረስክም» አለች ዋናዋ።

«የቀረው... የተለመደው ነው።»

«የተለመደውን አንብበው። ሁለት ጊዜ አይደል የምታነበው?»

አነበበው። «ጥፋቱ የገባው፦ ሜሞሪ ሲመለስ የሚሠራው አራት መስመር ሲጨመር።» ከዚያ የራሱን ስም አነበበ፤ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው፤ አሁን በሩ ተዘጋ። «ያጸደቀችው...» ብሎ የእሷን ስም ሲጀምር ግን እትዬ ግመል ቀድማው ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ያስተማርኩትን ሰው አምኜ ነበር፤ ሁለተኛ አይለምደኝም። ያኔ ስብሰባ ላይ ዕድሜዬን ከሚጠሩ የለውጦቹን ታሪክ ቢከፍቱ ኖሮ ሁለታችንንም በአምስት ደቂቃ ያገኙን ነበር።» ተቀመጠች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ደስታ መጣ። ጣፋጭ ነው። ግማሹ የራሷ ውርደት ነው፣ ያም ጣፋጭ ነው።

ዋናዋ ጊዜ አላባከነችም። ሁለቱም ለስድስት ወር የማንንም ሥራ እንዳያጸድቁ ተከለከሉ። ሐኪሙ ከአለቅነቱ ተነሳ፤ ፈውስም ከየማሽኑ ተነቀለ። «ሌላም ቦታ እንዲህ ተጽፏል?» ብላ ስትጠይቅ እትዬ ግመል «አሥራ ሰባት ቦታ፤ ገና ስላልተገናኙ ነው ያልተጣሉት» አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዋናዋም «እሱ በእጁ ያስተካክላቸው። አንቺ አጠገቡ ሁነሽ ተቆጣጠሪው። ወደ መስኮቱ ዳር ተመለሺና ለእሱም ጠረጴዛ ይቅረብለት» አለች።

እትዬ ግመል ለአፍታ ዛፉን አሰበችው። «አመሰግናለሁ» አለች፤ «እኛ ግን መጋዘኑ ይሻለናል። እዚያ ጸጥታ አለ።»

ጸጥታ የለም፤ አውሮፕላኑ አለ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም።

ሰኞ ሐኪሙ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። በካርቶኖቹ መካከል አጣቦ ተቀመጠ፣ ስክሪኑን ከፈተ፤ በማሽኑ ጩኸት ላይ ለመሰማት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባቱ የት የት ናቸው?»

«አንተ አይደለህ የጻፍካቸው?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ረስቻለሁ።»

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የምትጨምረው ነገር እንደሌላት ሲገባው የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቶ ከላይ ጀመረ። ፋይሉ አሥራ አንድ ሺህ መስመር ነበር፤ ከአሥራ ሰባቱ ግን አንዱም እዚያ ውስጥ አልነበረም።